ለጉዞ ፎቶ ካሜራ መምረጥ፦ ፒያሳ ላይ ሞክራችሁ ግዙ

ካሜራ ለመግዛት የሚነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ይሻላል?» ብሎ ነው። የት እንደምትሄዱና እዚያ ደርሳችሁ ምን እንደምታነሱ ካልታወቀ ግን የሚሻለው ካሜራም አይታወቅም። ላሊበላ ውስጥ በጧፍ ብርሃን ዳዊት የሚደግሙ አባትን ማንሳት አንድ ነገር ነው። ባሌ፣ ሳነቲ ላይ ከሩቅ የምትታይ ቀይ ቀበሮን ማንሳት ሌላ ነገር ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት መሃል አዲስ አበባ ለሚኖር ወይም ለሚሠራ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ከከተማ ለሚወጣ፣ ገንዘቡም ውስን ለሆነ ሰው ነው። አብዛኞቻችን የምንገዛው ያገለገለ ካሜራ ስለሆነ ለእሱ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቼዋለሁ። ዋጋ በብር አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዚህ ዓይነት ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ዛሬ የምጽፈው ቁጥር እናንተ ስታነቡት ያለፈበት ይሆናል።

1. መጀመሪያ ፎቶዎቹን ጻፉ

ወረቀት አውጡና ከሚቀጥለው ጉዟችሁ ይዛችሁ መመለስ የምትፈልጉትን 10 ፎቶ ጻፉ። «ጎንደር» ብላችሁ አትለፉት። «ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ውስጥ የሚዘሉ ልጆች» በሉት። «ሐረር» ከማለት «ጀጎል ውስጥ፣ ጠባቡ መንገድ ላይ ዕቃ ተሸክማ የምታልፍ ሴት» በሉ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ወደ አንዱ ማድላቱ አይቀርም። ወይ ሰፊ መልክዓ ምድር ይበዛበታል፣ ወይ ሰዎችና በዓላት፣ ወይ የቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ወይ አራዊት። ገንዘባችሁ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው።

ዝርዝሩ በሙሉ በቀን ብርሃን፣ ከቅርብ የሚነሳና ቴሌግራም ላይ ለወዳጅ የሚላክ ከሆነ እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ይበቃል። ገንዘቡን ለመንገድ ወጪ አውሉት። ስልክ የሚቸገረው ሩቅ ያለ ነገር ላይ፣ በጨለማ የሚንቀሳቀስ ሰው ላይ እና ፎቶው ታትሞ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ሲፈለግ ነው።

2. ክብደቱን በትከሻችሁ መዝኑ

ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ከነባትሪውና ከነካርዱ 950 ግራም ነው። ብዙ ጊዜ አብሮት የሚሸጠው 24-105 ኤፍ 4 ሌንስ 670 ግራም ይመዝናል (24-105 ሌንሱ ከሰፊ እስከ ቅርብ የሚያሳይበት መጠን በሚሊ ሜትር ነው፤ የኤፍ ቁጥር ደግሞ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል)። ድምሩ 1.6 ኪሎ አለፈ። ካኖን 250ዲ ደግሞ ከነባትሪና ካርዱ 449 ግራም ነው። ከትንሹ 18-55 ሌንስ ጋር 660 ግራም አካባቢ ይመጣል። ሶኒ ኤ6000 ከ16-50 ሌንሱ ጋር 460 ግራም ገደማ ነው።

ቁጥሩ ወረቀት ላይ ልዩነቱን አያሳይም። እንዲህ ሞክሩት። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውስጥ 1.6 ሊትር ውኃ ሙሉ። በትከሻ ቦርሳ አንጠልጥሉትና ከለገሃር ተነስታችሁ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት ውጡ። ቴዎድሮስ አደባባይ ሳትደርሱ ቦርሳውን ወደ ሌላኛው ትከሻ ካዛወራችሁት ትልቁን ካሜራ እርሱት። ሰሜን ተራሮች ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆናችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ነው የምትሸከሙት።

ክብደቱ ከድካምም ያለፈ ጣጣ አለው። ትልቅ ካሜራ ሲወጣ ሰው ይለወጣል። ነጠላ ይስተካከላል፣ ፊት ይኮሳተራል፣ «ከየትኛው ቴሌቪዥን ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ትንሽ ካሜራ ይዞ ሰላም ብሎ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ከዚያ «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ዓይነት ፊት ያገኛል። እኔ ለጉዞ ትንሹን የምመርጥበት ትልቁ ምክንያት ይኼ ነው።

3. ቦዲውን (ካሜራውን ያለ ሌንሱ) መምረጥ

ሴንሰር ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል ነው። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ኤፒኤስ-ሲ ወደ 23 በ15፣ ማይክሮ ፎር ሰርድስ ደግሞ ወደ 17 በ13 ነው። ሴንሰሩ ሲሰፋ ጨለማ ውስጥ የተሻለ ያነሳል። በዚያው ልክ ሌንሱ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይወጣል። በተወሰነ ገንዘብ ለሚጓዝ ሰው ኤፒኤስ-ሲ መሃል ላይ ያለ ጥሩ ምርጫ ነው።

ሜጋፒክስል አያስጨንቃችሁ። 24 ሜጋፒክስል ማለት 6,000 በ4,000 ነጥብ ነው። በጥሩ የህትመት ጥራት 50 በ34 ሳንቲ ሜትር ይወጣዋል። ከዚያ በላይ የምታሳትሙ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ወይስ ዲኤስኤልአር (መስታወት ያለው) የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው ፍጥነት ላይ ነው። እኛ አገር ከፍጥነቱ ይልቅ ባትሪው ይቀድማል። ኒኮን ዲ3500 በአንድ ቻርጅ 1,550 ፎቶ ያነሳል ተብሎ የተመዘነ ዲኤስኤልአር ነው። ሚረርለሱ ሶኒ ኤ6000 ደግሞ 360 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ቤታችሁ ስለምትገቡ ልዩነቱ አይሰማችሁም። መብራት ሁለት ቀን በጠፋበት የገጠር ማደሪያ ግን በደንብ ይሰማችኋል። ሚረርለስ የሚገዛ ሰው ሁለት ትርፍ ባትሪ የዋጋው አካል አድርጎ ይቁጠር።

ሁለት ነገሮች ግን የግድ ቦዲው ላይ ይኑሩ። አንዱ ራው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብረው የሚያስቀምጠውን ጥሬ ፎቶ፣ ማንሳት መቻሉ ነው። ሁለተኛው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት የኤክስፖዠር (የፎቶው ብርሃን መጠን) ማስተካከያ ቁልፍ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ። ካሜራ ፊቱ ያለውን ትዕይንት ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ጥር 11 ቀን ጃን ሜዳ ላይ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ፊቱ ሲዘረጋለት ነጩ በዛብኝ ይልና ፎቶውን ያጨልመዋል። ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ የእናቶቻችን ፊት ደግሞ ጥላ ውስጥ ይገባል። ዓይናቸው የማይታይባቸው የጥምቀት ፎቶዎች ስንት ናቸው! ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም መፍትሔው ቀላል ነው። ቁልፉን ወደ መደመር ሁለት ሦስተኛ ወይም ወደ 1 ትወስዱትና ፊቱ ይበራል። ራው ካነሳችሁ ደግሞ ከጥላው ውስጥም ከነጩም ላይ በኋላ ብዙ ዝርዝር ማውጣት ትችላላችሁ። ስለዚህ ካሜራውን ስትይዙ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ይህን ቁልፍ በጣታችሁ ማግኘት መቻላችሁን ፈትሹ።

4. ሌንስ ላይ አትቆጥቡ

ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ቦዲውን አሮጌ፣ ሌንሱን ደህና አድርጉት። ከ10 ዓመት በፊት የወጣ ቦዲ በጥሩ ሌንስ የሚሰጠውን ፎቶ አዲሱ ቦዲ በደካማ ሌንስ አይሰጥም።

አብሮ የሚመጣው 18-55 ለመልክዓ ምድር ጥሩ ነው። 18 ላይ ሲሆን ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ለማንሳትም፣ የጀጎልን ጠባብ መንገድ ለማሳየትም ይበቃል። የሚጎድለው ብርሃን ነው። 55 ላይ ስታደርሱት በብዙዎቹ ኤፍ 5.6 ይሆናል። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሚባለው ትንሽ ሌንስ ግን ከዚያ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። 10 እጥፍ ማለት ምን ማለት ነው? ኤፍ 5.6 ላይ የሰከንድ አንድ አሥረኛ የሚፈጀው ፎቶ ኤፍ 1.8 ላይ በሰከንድ አንድ መቶኛ አካባቢ ይነሳል። ማኅሌት ላይ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው የሚያሸበሽቡ ካህናት በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ጭጋግ ሆነው ይቀራሉ። በአንድ መቶኛ ግን ፊታቸው ይለያል።

«ፍላሽ አለልኝ» አትበሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ ጸሎት ይረብሻል፤ የጥንት ሥዕሎች ባሉበትም ይከለከላል። መጀመሪያ «አባ፣ ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲፈቀድላችሁም በሌንሳችሁ ብርሃን ሥሩ።

የካኖኑ 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም 160 ግራም ብቻ ነው። የካኖን ኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ላይ ሲገባ እንደ 80 ሚሊ ሜትር ስለሚያሳይ ለፊት ፎቶ ይስማማል። ለጠባብ ክፍል ግን ይቀርባል። ለክፍል፣ ለገበያና ለመንገድ 24 ኤፍ 2.8 የሚባለው ቀጭን ሌንስ አለ። 125 ግራም ነው፤ በጣም የምወደው የጉዞ ሌንስም እሱ ነው።

ኒኮን ለምትገዙ አንድ ማስጠንቀቂያ። የዲ3000 እና የዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። ስለዚህ 50 ኤፍ 1.8ዲ የሚባለው ርካሽ ሌንስ እነሱ ላይ ይገባል እንጂ ራሱ ፎከስ አያደርግም። ኤኤፍ-ኤስ የሚል የተጻፈበትን ሌንስ ፈልጉ። ሻጩ «ይገጥማል» ሲላችሁ «ፎከስስ ያደርጋል?» ብላችሁ ጨምሩ።

አራዊት ለምታነሱ፦ ጭላዳዎች ከሰው ብዙም ስለማይሸሹ ትልቅ ዙም አይጠይቁም። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ግን ይጠይቃሉ። 55-250 የሚባለው የካኖን ሌንስ ቀላል ነው፤ ኤፒኤስ-ሲ ላይ እስከ 400 ሚሊ ሜትር ያህል ያቀርባል። ለጀማሪ ይበቃዋል።

ከሁለት ሌንስ በላይ አትያዙ። አፋርና ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ሌንስ በቀያየራችሁ ቁጥር አቧራ ወደ ሴንሰሩ ይገባል።

5. ስሙንና ሜኑውን አጣሩ

የሚመጣው ካሜራ ከዱባይም ከአሜሪካም ከጃፓንም ስለሆነ አንዱ ካሜራ በብዙ ስም ይሸጣል። ካኖን 200ዲ፣ ሬብል ኤስኤል2 እና ኪስ ኤክስ9 አንድ ናቸው። 250ዲም እንዲሁ ሬብል ኤስኤል3 እና ኪስ ኤክስ10 ይባላል። «ይሄኛው የአሜሪካ ስለሆነ ይበልጣል» ብሎ ዋጋ ለሚጨምርባችሁ ሰው ይህን ንገሩት።

ሶኒ ከሆነ ሜኑውን ከፍታችሁ ቋንቋ የሚለውን እዩ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ የሶኒ ካሜራዎች ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የላቸውም። ቻርጀሩ ላይ ደግሞ 100-240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ካለ እኛ ጋ ያለውን 220 ቮልት ይችላል፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

የትኛው ይገዛ ለምትሉኝ፦ የእኔ ምክር ያገለገለ ካኖን 200ዲ ወይም 250ዲ፣ ከ18-55 እና ከ50 ኤፍ 1.8 ጋር ነው። ከተማችን ውስጥ የካኖን ባትሪ፣ ሌንስና ጠጋኝ በቀላሉ ይገኛል። ስትሸጡትም ገዢ አታጡም። ከእሱ ቀላል ለሚፈልግና ትርፍ ባትሪ መያዝ ለማይሰለቸው ሶኒ ኤ6000 እመክራለሁ።

6. ያገለገለውን መፈተሽ

ፒያሳ የነበሩ ብዙ ሱቆች በ2016 ከተጀመረው የመልሶ ማልማት ሥራ በኋላ ቦታ ቀይረዋል። የድሮ አቅጣጫ ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ደውሉ። ሻጩ ግለሰብ ከሆነ በቀን፣ ሰው የሚበዛበትና የኤሌክትሪክ ሶኬት ያለው ካፌ ውስጥ ተቀጣጠሩ። የራሳችሁን ሜሞሪ ካርድ ይዛችሁ፣ የስልካችሁንም ባትሪ ሞልታችሁ ሂዱ። ሻጩን «ወንድሜ፣ ግማሽ ሰዓት ስጠኝ» በሉት። የማይሰጥ ከሆነ ተነሱ።

ከሌንሱ ጀምሩ። የስልኩን መብራት ከኋላ አብሩበትና ከፊት እዩት። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ችግር የለውም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ አትግዙት። ዙሙን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የአሸዋ ድምፅ ካለው ውስጡ አቧራ ገብቷል። ከዚያ ቅርብና ሩቅ ያለ ነገር ላይ ደጋግማችሁ ፎከስ አድርጉ። እየፈለገ የሚመላለስና የማይጨብጥ ከሆነ ሞተሩ ደክሟል።

ቀጥሎ ሴንሰሩ። ኤፍ 16 ላይ አድርጉትና ፎከሱን አጥፍታችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ሁለት ጊዜ አንሱ። ፎቶውን አጉልታችሁ ጥጋ ጥጉን እዩ። በሁለቱም ፎቶ አንድ ቦታ ላይ ያለ ደብዛዛ ነጥብ አቧራ ነው፤ ይጸዳል። ቀጥ ያለ ሹል መስመር ከታየ ጭረት ሊሆን ስለሚችል ተዉት። ከዚያ የሌንሱን ክዳን ዘግታችሁ ለ10 ሰከንድ አንሱ። ጥቁሩ ላይ ቀይና ነጭ ነጥቦች ከበዙ ሴንሰሩ አርጅቷል።

ሹተሩ (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደተኮሰ ጠይቁ። የሠርግ ሥራ ላይ የነበረ ካሜራ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ሺዎችን ይተኩሳል። የጀማሪ ካሜራዎች ሹተር አብዛኛውን ጊዜ ወደ 100,000 ያህል ይገመታል። 5ዲ ማርክ 3 ደግሞ 150,000። ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ ስለሚጽፍ አንድ ፎቶ አንስታችሁ ኮምፒውተር ላይ ታዩታላችሁ። ካኖን ግን ብዙ ጊዜ ልዩ ፕሮግራም ይጠይቃል፤ ሻጩ ፊታችሁ እንዲያሳይ ጠይቁ። ቁጥሩ ካለፈ ካሜራው በቃው ማለት አይደለም። ዋጋው ግን ያንን ማሳየት አለበት።

በመጨረሻ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫኑ። የባትሪውና የካርዱ በር በደንብ መዝጋቱን፣ ሌንሱ ሲገባ አለመወዛወዙን እዩ። ብሎኖቹ ጭንቅላታቸው ከተላጠ ካሜራው ተከፍቶ ያውቃል። ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ።

7. አንድ ቀን ይዛችሁት ዙሩ

ሻጩ በማስያዣ ለግማሽ ቀን ቢሰጣችሁ ምንኛ ጥሩ ነው። እምቢ ካለ ከመግዛታችሁ በፊት ተመሳሳዩን ካሜራ ለአንድ ቀን ተከራዩ። የሚያከራዩ ሱቆች ከተማው ውስጥ አሉ። የኪራዩ ገንዘብ ከንቱ አይቀርም፤ የማይስማማችሁን ካሜራ ከመግዛት ያድናችኋል።

ጠዋት ጊዮርጊስ ጀምሩ። የአፄ ምኒልክ የነሐስ ሐውልት ከብሩህ ሰማይ ጋር ሲገናኝ ለካሜራ ከባድ ፈተና ነው። በራው አንሱትና ማታ ኮምፒውተር ላይ ጥላውን አብሩት። የፈረሱ ጡንቻ በደንብ ከወጣ ላሊበላ ላይም አያሳፍራችሁም።

ቀጥሎ ጨለም ያለ ካፌ ግቡ። ማኪያቶ እዘዙና አስፈቅዳችሁ ማሽኑ ላይ ያለውን ልጅ በአይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) 1600፣ 3200 እና 6400 አንሱት። ሦስቱን አነጻጽሩ። ፎቶው ለዓይናችሁ መጥፎ የሆነበት ቁጥር የካሜራው ወሰን ነው። ጉዞ ላይ ከዚያ አትለፉ።

ከዚያ ቸርችልን ቁልቁል ውረዱ። ወደ እናንተ የሚመጣ ታክሲ ላይ ፎከሱን አስይዙና ተከታታይ ተኩሱ። ከ10 ፎቶ ስንቱ ጥርት ብሎ ወጣ? መንገድ ዳር ሊስትሮ ካገኛችሁ «ወንድሜ፣ አንድ ላንሳህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፊቱ ላይ ፎከስ አድርጉና ዓይኑ መያዙን አጉልታችሁ እዩ። ጥበቃ ያለበት የመንግሥት ሕንፃ፣ ቤተ መንግሥትና ወታደር ያለበት ቦታ ላይ ካሜራ አታዙሩ። ለገሃር ስትደርሱ ትከሻችሁን፣ አንገታችሁንና የቀረውን ባትሪ አዳምጡ።

ምሽት ላይ እንደገና ውጡ። የመስከረም 16ን ደመራ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ካሜራው ሲመሻሽ እንዴት እንደሚሆን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

8. ስትከፍሉ

የቦዲውና የሌንሱን ሴሪያል ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ። ካርቶን ከሌለ ካሜራው ከየት እንደመጣ በግልጽ ጠይቁ። የተሰረቀ ዕቃ የገዛ ሰው ገንዘቡንም ካሜራውንም ያጣል። ከሱቅ ከሆነ ደረሰኝ ተቀበሉ። ከግለሰብ ከሆነ ሴሪያል ቁጥሩ፣ የሁለታችሁ ስምና የመታወቂያ ቁጥር የሰፈረበት አጭር ውል ተፈራረሙ። በቴሌብር ወይም በባንክ ክፈሉ፤ ማስረጃ ይቀራል። የሳምንት ዋስትና መጠየቅ ነውር አይደለም።

9. ከመነሳታችሁ በፊት

ትርፍ ባትሪ፣ ሁለት ካርድ፣ የሌንስ መጥረጊያና ለዝናብ ጠንካራ ፌስታል ያዙ። 64 ጊጋ ካርድ ከ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ወደ 2,000 ራው ፎቶ ይይዛል። ርካሽ ካርድ ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል ቤት ውስጥ ጫፍ ድረስ በፋይል ሙሉትና ሁሉም መከፈቱን አረጋግጡ። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ትርፍ ባትሪዎቹን በእጅ ሻንጣ ያዙ፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ድሮን ለማከል ያሰባችሁ ካላችሁ ቀድማችሁ ከኢንሳ (ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ጠይቁ።

የካሜራውን ሰዓትና ቀን አስተካክሉ። ካሜራ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ ፎልደሩን በእኛ ቀን ሰይሙት፤ «ጥር 11 ጎንደር» ብላችሁ። ጉዞ ላይ ሳላችሁም ማታ ማታ የቀኑን ፎቶ ወደ ሁለተኛው ካርድ ወይም ወደ ስልካችሁ ገልብጡ። ሁለቱን ካርዶች በአንድ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡ።